ሌባ ጽዋ

ማንያ ቅርጫቱን በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ እርምጃዋን እየቆጠበች ትሄድ ነበር። ድንጋይ ሲገጥማት ትዞረዋለች፤ ቁልቁለት ሲመጣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ በቀስታ ትወርዳለች። በጭድና በበግ ፀጉር የተጠቀለሉት ስምንት የዘይት ብልቃጦች ደረቷ ላይ እንደተኛ ሕፃን ጸጥ ብለዋል። ከሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ወጥተው የአቴናን ቅጥር በር ሲያልፉ ግን ድንጋይ የጫነ የበቅሎ ጋሪ ከፊት ለፊት መጣና ጥጉን እንድትይዝ አስገደዳት። ጀርባዋ ከግንቡ ጋር ሲላተም ከቅርጫቱ ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ።

ከፊቷ ይሄድ የነበረው ቴሌስ ቆመ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጭዱ ነው።»

«ጭድ እንዲህ አይንኳኳም። አንዱ ተሰብሯል ማለት ነው።»

«የተሰበረ የለም። ይልቅ ሂድ፣ ፀሐይዋ ወጥታለች።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ አረማመድሽ የነፍሰ ጡር ነው። የደበቅሽኝ ነገር አለ።»

«በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ካረገዝኩማ ይቺ ከተማ ገና ብዙ ጉድ ታያለች።»

ቴሌስ ሳይወድ ሳቀ፤ ግን ዓይኑን ከቅርጫቱ ላይ ቶሎ አላነሣም። ጣቶቹ እንደ አሮጌ ሥር የተጣመሙ፣ የመዳፉ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ቀይ ጭቃ በየትኛውም ውሃ የማይለቅ ሸክላ ሠሪ ነው። ማንያ ከፍርግያ በልጅነቷ ተሸጣ ስትመጣ የገዟት አባቱ ነበሩ፤ ነጻ ያወጣት ግን እሱ ነው፣ ከአራት ዓመት በፊት፣ ቸነፈሩ ሁለቱን ሠዓሊዎቹን በአንድ ወር ከወሰደበት በኋላ። ነጻ ከወጣችም በኋላ ብሩሿን ይዛ እዚያው ጥግ ተቀመጠች። ሌሎቹ የሰፈሩ ሠዓሊዎች በመርከብ ላይ መቅዘፊያ ይዘው ከጠላት ጋር ይዋጉ ስለነበር ከቴሌስ ቤት የሚወጣ ሥዕል ሁሉ የእሷ እጅ ነበር።

የተንኳኳው ጭድ አልነበረም። ትናንት ረፋዱ ላይ ቴሌስ ጭቃ ሊያመጣ ሲወጣ፣ ማንያ የሥጋ መጥበሻውን ረጅም የብረት ዘንግ ከምድጃው አጠገብ አንሥታ ስምንቱንም ብልቃጦች ወግታቸው ነበር።

ለሙታን የሚሠራ ብልቃጥ ቁመቱ ክንድ የሚያህል፣ አንገቱ ቀጭን፣ ሆዱ ረጅም ነው። በነጭ አፈር ይለበጥና በቀጭን ብሩሽ ይሣልበታል። ልባሱ ስስ ስለሆነ የእጅ ላብ እንኳ ያስለቅቀዋል፤ ለገበታም ለመታጠቢያም አይሆንም፤ መቃብር ደርሶ እዚያው ለመቅረት የተሠራ ዕቃ ነው። ዱሮ ሰው ይህን ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልቶ ይወስድና ለሟቹ ያንቆረቁርለት ነበር። ስፓርታውያን በየጸደዩ እየመጡ የወይራውን ዛፍ ማቃጠል ከጀመሩ ወዲህ ግን ዘይት እንደ ወርቅ ተወደደ፤ ሸክላ ሠሪዎቹም ዘዴ አበጁለት። ከአንገቱ ሥር፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ፣ እንቁላል የምታህል ጽዋ ይለጥፋሉ። ጽዋዋ ስትሞላ ብልቃጡ ሁሉ የሞላ ይመስላል፤ የቀረው ሆድ ባዶ ነው። በሥራ ቤቱ ስሟ «ሌባ» ነው። ሌባ ያለችበት ብልቃጥ ጎኑ ላይ መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለችው፤ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ካላገኘ እቶን ውስጥ ይፈነዳል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቀዳዳዋን ልብ አይላትም።

ማንያ ዘንጉን በየአንገታቸው እያስገባች የሌቦቹን ወለል አንድ በአንድ ሰበረች። የመጀመሪያው ላይ እጇ ከበደና የብልቃጡ ትከሻ ተሰነጠቀ፤ ደግነቱ እቶን ድርሻውን ሳይወስድ ስለማይቀር ለስምንት ትእዛዝ አሥር ነበር የሠሩት። ከዚያ የየጎናቸውን ቀዳዳ በሰም ደፍና ነጭ አፈር ቀባችበት። ስብርባሪው ግን በቀጭኑ አንገት አልወጣ ብሎ ሆዳቸው ውስጥ ቀረ። ስለዚህም ነው ዛሬ እንደ ነፍሰ ጡር የምትራመደው።

ለሟቿ ለፊሉሜኔ መቃብር የሚሆነው ትእዛዝ የመጣ ዕለት ከቴሌስ ጋር ተነጋግረውበት ነበር።

«ለፊሉሜኔ ሌባ አናስገባም» አለችው።

«ያዘዘው ልጇ ዲዮቲሞስ ነው። ሌባ ይግባበት ብሎ በአፉ ነግሮኛል።»

«ልጇ ስለሆነ ነዋ የማያፍረው።»

«ዘንድሮ በባሕር ላይ ለሞቱት የወረዳው ልጆች መታሰቢያ የሚሠራውን መቶ ብልቃጥ የሚያዘውም እሱ ነው። መቶ ብልቃጥ፣ ማንያ! ክረምቱን የምንወጣበት ነው።»

«ሟች አፍ የላትም ብለህ ነው እንጂ...»

«እኔም የለኝም። አንቺም አይኑርሽ።»

ማንያ ያን ጊዜ ወደ ብሩሿ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ስለተስማማች አልነበረም።

በቸነፈሩ ዓመት ሰው በየምንጩ ዳር ወድቆ ይቀር ነበር። ዘመድ ዘመዱን አይነካም፤ የሌላ ሰው ሬሳ በሚቃጠልበት እሳት ላይ የራሱን ሬሳ ወርውሮ ይሸሻል። የማንያ ልጅ ሚካ በዘጠኝ ዓመቷ የሞተችው ያኔ ነው። ማንያ ራሷ በትኩሳት ነድዳ፣ አንድ ክንድ ርቃ ከተኛችው ልጅዋ ዘንድ መድረስ አቅቷት ሁለት ቀን አየቻት። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ፊሉሜኔ ገባች። ፊሉሜኔ የውሃ እንስራና የወይን ማንቆርቆሪያ ልትገዛ በየዓመቱ የምትመጣ፣ ስትመጣም ተቀምጣ የማንያን ብሩሽ ስትመለከት የምትውል ባለጸጋ ሴት ነበረች፤ ሚካ ጥላዋን ትይዝላት ነበር። ያን ቀን አገልጋይዋ ከደጅ አልገባም ብላ ቀረች። ፊሉሜኔ ብቻዋን እጅጌዋን ሰብስባ ልጅቷን አጠበቻት፤ ከቤቷ ይዛው የመጣችውን ሙሉ ብልቃጥ ገልብጣ ከፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ቀባቻት። ማንያ ከተኛችበት «ይበቃል፣ እመቤቴ፣ ይበቃል» ስትላት፣ «ልጅ ደርቃ አትሄድም» አለቻትና እስከ መጨረሻው ጠብታ አንጠፈጠፈችው።

ፊሉሜኔ ከሞተች ዛሬ ሠላሳ ቀኗ ነው። የሐዘኑ ማብቂያ፣ ዘመድ ሁሉ ወደ መቃብሩ የሚወጣበት ቀን።

ከዲዮቲሞስ ቤት ሲደርሱ ዘመዶቹ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ደጅ ላይ ተሰብስበው ነበር። ቴሌስና ማንያ በመካከላቸው አልፈው ወደ ውስጠኛው ግቢ ገቡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ። በግቢው ውስጥ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ለሐዘን ፀጉሩን ቢቆረጥም ጢሙን በቅጡ ያበጠረው ዲዮቲሞስ፣ እህቱ አምፋሬቴ፣ ወንበር ላይ የተቀመጡት የሟቿ ታላቅ እህት አሮጊቷ ሂፒላ። ሂፒላ ጆሯቸው ከብዷል፤ ምላሳቸው ግን ቀላል ነው።

«ዘገያችሁ» አለ ዲዮቲሞስ።

«ጋሪ አጋጥሞን ነው፣ ጌታዬ» አለ ቴሌስ ጎንበስ ብሎ።

አምፋሬቴ ተንበርክካ ብልቃጦቹን ከጭዱ እያወጣች በየተራ አቆመቻቸው። በሰባቱ ላይ እንደተለመደው ጥብጣብ የታሰረበት የመቃብር ድንጋይ፣ ግራና ቀኙም ቅርጫት የያዙ ሴቶች ተሥለዋል። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እዚያም የመቃብር ድንጋይ አለ፤ በእግሩ ሥር ግን አንዲት ሴት እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የታጠፈ ጥላ የያዘች ትንሽ ልጅ ቆማለች።

«እማዬን ነው የሚመስለው» አለች ቀስ ብላ። «አፍንጫዋ ራሱ።»

ዲዮቲሞስ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይቺ ልጅስ? እናቴ ትንሽ ልጅ አልነበራትም።»

«አንድ ቀን ነበረቻቸው» አለች ማንያ።

አምፋሬቴ ቀና ብላ አየቻት። «በቸነፈሩ ጊዜ... ከሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ውላ መጣች ብለን ሦስት ቀን ከፍየሎቹ ጋር አስተኝተናታል። ማን ዘንድ እንደነበረች ብንጠይቃት አልነገረችንም። ካንቺ ዘንድ ነበረች?»

«ከእኔ ዘንድ ነበሩ፣ እመቤቴ። ልጄ ሚካ ትባላለች።»

«ስለ ሥዕሉ በኋላ ታወራላችሁ» አለ ዲዮቲሞስ። ከመስኮት ደፍ ላይ ትንሽ የዘይት ማሰሮ አነሣ። ለስምንት ሌቦች የሚበቃውን ያህል ለክቶ ያስቀዳት ናት፤ ለማንም አልሰጥም ብሎ በራሱ እጅ ያዛት። የመጀመሪያውን ብልቃጥ አቁሞ ማንቆርቆር ጀመረ።

ዘይቱ በቀጭኑ አንገት ገባ። ቆም አለና አፉን አየ። ዘይት አይታይም። ጨመረ። ደግሞ ጨመረ።

«ሞላ?» አሉ ሂፒላ ከወንበራቸው።

«ገና ነው፣ አክስቴ።»

«እህቴ በሕይወት እያለችም ጠግባ አታውቅም። ከአባታችሁ ጋር ኖሮ ማን ይጠግባል!»

ማሰሮዋ ተገለበጠች፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ወርዳም ብልቃጡ አልሞላም። ዲዮቲሞስ ሌላውን ባዶ ብልቃጥ አነሣና በጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ኮሽ፣ ኮሽ አለ።

«ምንድን ነው ውስጡ ያለው?»

ጥያቄው ለቴሌስ ነበር። የቴሌስ ፊት እንደ ብልቃጦቹ ነጭ ሆነ። አሁን ገና ነው የገባው፤ የንጋቱ አረማመድ፣ ትናንት ከቦታው የጠፋው የመጥበሻ ዘንግ፣ ሁሉም አንድ ላይ።

«ያሠራኸው ግድግዳ ነው» አለች ማንያ።

«ምን አልሽ?»

«ለእናትህ ከአንገታቸው ሥር ያስገነባኸው ግድግዳ። ስምንቱንም በብረት አፍርሼዋለሁ። የሚንኳኳው ፍርስራሹ ነው።»

ማንያ እንደ እኩያዋ «አንተ» ስትለው አምፋሬቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዲዮቲሞስ ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከበሩ ማዶ ዘመዶቹ ይነጋገራሉ።

«አንቺ የፍርግያ ዝቃጭ! ማን ሆንሽና ነው? ታዝዘሽ የምትሠሪ እጅ አይደለሽም?»

«እጅ ነኝ። እጄ ግን ለእሳቸው ሌባ አያስገባም። የአንተ ሐዘን ከአንገት በላይ ነው፤ ዘይቱም እንደዚያው እንዲሆንልህ ፈለግህ። እሳቸው ለእኔ ልጅ ሲመጡ በጽዋ ለክተው አልነበረም።»

«ዳኛ ፊት አቆምሻለሁ! ነጻ የወጣች ባሪያ የጌቶችን ዕቃ ስታበላሽ ምን እንደሚደርስባት ታውቂያለሽ?»

«አቁመኝ። ብልቃጡንም ይዘህ ና። ዳኞቹ ፊት ስበረውና ሆዱን ይዩት። ‹እናቴን የማታልልባት ጽዋ ነበረችኝ፤ ይህች ሴት ሰበረችብኝ› በላቸው። እኔ አንደበተ ርቱዕ አይደለሁም፤ ገሉ ግን ራሱ ይናገራል።»

«ምን እያለች ነው?» አሉ ሂፒላ።

«ምንም፣ አክስቴ።»

«ምንም ለማለትማ ብዙ ተናገረች!»

ዲዮቲሞስ በእጁ የያዘውን ብልቃጥ አጥብቆ ጨበጠው። ለአንድ አፍታ የግቢው ድንጋይ ላይ ሊፈጠፍጠው እንደሆነ ሁሉም አሰበ። ቢሰብረው ግን ውስጡ የተለጠፈችው የሌባዋ ቅርፊት ከነጠርዟ ሰው ሁሉ ፊት ትወጣለች። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠውና ወደ ቴሌስ ዞረ።

«አንተስ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ» አለ ቴሌስ መሬት መሬቱን እያየ።

እውነቱን ነው። ማንያ ግን ወደ እሱ አልዞረችም።

«እንግዲያው አባርራት፤ ዛሬውኑ። ካላባረርካት ያንን መቶ ብልቃጥ ሌላ ሰው ይሠራዋል። ሰምተሃል?»

ቴሌስ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

በሩ ተንኳኳ። «ዲዮቲሞስ! ፀሐይ ሳትበረታ እንውጣ እንጂ!» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ።

አምፋሬቴ ከተንበረከከችበት ተነሣች። «ጓዳ ውስጥ ጋን ሙሉ ዘይት አለ» አለች።

«እሱ ለድግሱ ነው።»

«የትኛው ድግስ?»

«ታውቂያለሽ። የወረዳውን ሰዎች በደረቅ ዳቦ ልቀበላቸው ነው? ለሹመት የሚመርጡኝ እነሱ ናቸው።»

«የእማዬ ዛፎች ዘይት ነው፣ ወንድሜ። ከመቃጠላቸው በፊት የተጨመቀው የመጨረሻው። ራሷ ሳትቀባው፣ በመብራቷ ላይ ሳታፈሰው የሞተችበት። ከእሷ ዘይት ለእሷ አንድ ጠብታ ብቻ ስንሰጥ አያንቅህም?»

«ቁልፉን ስጪኝ።»

የጓዳው ቁልፍ አርባ ዓመት ሙሉ በፊሉሜኔ መቀነት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ከሠላሳ ቀን ወዲህ አምፋሬቴ መቀነት ላይ ነው።

«ና ውሰደው» አለችው።

ዲዮቲሞስ አንድ እርምጃ ተራመደ። እህቱ ንቅንቅ አላለችም። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን በጡጫ። ከእህቱ ጋር ሲታገል ሰው ቢገባስ? ቆመ። አምፋሬቴ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ጓዳ ሄደች፤ የቁልፉ ጥርስ በእንጨቱ ውስጥ ሲንቀጨቀጭ ተሰማ። ስትመለስ የእናቷን አሮጌ የወይን ማንቆርቆሪያ ይዛ ነበር፤ ጉጉት የተሣለበት፣ እጀታው አንድ ጊዜ ተሰብሮ በእርሳስ የተጠገነ። እስከ አፉ ሞልታዋለች።

«ያዥልኝ» አለች ለማንያ።

ማንያ ብልቃጦቹን እየያዘች አምፋሬቴ ሞላች። ሦስት ጊዜ ወደ ጓዳ ተመላለሰች። ዘይቱ አረንጓዴ ወርቅ መስሎ እየተጥመለመለ ወረደ፤ ከየሆዳቸው የታፈነ አየር እየተንተከተከ ወጣ። እያንዳንዱ ብልቃጥ በማንያ እጅ ላይ ቀስ በቀስ ከበደ። ስምንቱም ዘይቱ አንገታቸው ላይ ደርሶ ሲያብረቀርቅ አንዱን ነቀነቀችው። ኮሽታው ጠፍቷል።

«ሞላ?» አሉ ሂፒላ።

«ሞላ፣ እማማ!» አለች ማንያ በጆሯቸው ጮክ ብላ።

ዲዮቲሞስ ካባውን አስተካከለ። በሩ ከመከፈቱ በፊት ወደ ማንያ ተጠግቶ በጥርሱ መሐል፣ «መቃብሩ ዘንድ እንዳላይሽ። ሕጉ የሚፈቅደው ለዘመድ ብቻ ነው» አላት።

«መቃብር አልመጣም። ወደ ቤቴ ነው የምሄደው። የቤቴ መንገድ በመቃብሩ በኩል ካለፈ፣ መንገዱን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።»

የአቴና ሙታን የሚያርፉት ከቅጥሩ ውጭ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር በሚወስደው ሰፊ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ማንያ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ከዘመዶቹ ኋላ ሄደች። እነሱ ከመንገዱ ወጣ ብለው የፊሉሜኔን አዲስ የመቃብር ድንጋይ ሲከቡ እሷ መንገዱ ላይ ቆመች። ቴሌስ ከእሷ ጋር እንዳልሆነ ሰው አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። አህያ የሚነዳ ገበሬ «ዞር በሉ እንጂ» ብሎ በመካከላቸው አለፈ።

መጀመሪያ የቀረበው ዲዮቲሞስ ነው። ብልቃጡን ዘንበል አደረገና ሦስት ጠብታ ያህል ካፈሰሰ በኋላ ቀና አደረገው፤ ከሌባ ብልቃጥ የሚፈስሰው ያን ያህል ስለሆነ እጁ ልማዱን ነበር የተከተለው። ግን ብልቃጡ ከባድ ነበር፤ በሁለት እጁ ደግፎ ሲይዘው ሁሉም አየ።

«ገልብጠው እንጂ!» አሉ ሂፒላ፣ ድምፃቸው እስከ መንገዱ እየተሰማ። «እናትህ ናት፤ እጅህን ማን ያዘው?»

ዲዮቲሞስ ገለበጠው። ዘይቱ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ በድንጋዩ ላይ ወርዶ ጥብጣቡን አራሰው፣ ደረጃውን ተሻግሮ አፈሩ ላይ ተንጣለለ። ማንቆርቆሩ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ይህን ያህል ዘይት ካዩ ዓመታት ያለፏቸው መንገደኞች መቆም ጀመሩ። አንዲት ሴት «የማን ቤት ነው?» ብላ ጠየቀች። አንዱ ዘመድ አንገቱን ቀና አድርጎ የፊሉሜኔን ስም ነገራት። ሰባት ብልቃጥ እንዲህ ፈሰሰ።

መጨረሻ የቀረበችው አምፋሬቴ ናት። ባለ ልጅቷን ብልቃጥ ይዛለች። ከመገልበጧ በፊት ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ ማንያን ፈለገቻት። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ዘመድም መንገደኛም እየሰማ፣ «ለእናቴ ለፊሉሜኔ» አለች። ዘይቱ እኩሌታው ሲወርድ ቆም አለችና «ለሚካ» አለች።

ዘመዶቹ ተያዩ። አምፋሬቴ የቀረውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አንጠፈጠፈችው።

ማንያ አላለቀሰችም። ዘይቱ ከመቃብሩ ወርዶ መንገዱ ዳር ካለው አቧራ ጋር እስኪገናኝ ጠበቀች፤ ከዚያ ቅርጫቷን ራሷ ላይ ደፍታ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደች።

ስትደርስ የማድረቂያው ጣውላ እንደነበረ ነው። ለመቶው ትእዛዝ ቴሌስ አስቀድሞ የሠራቸው አርባ ሌቦች በአራት ረድፍ ተደርድረው ይደርቃሉ፤ ገና እሳት አልነካቸውም። ማንያ ጣውላውን አንሥታ ጭቃ ከሚነከርበት ገንዳ አጠገብ አስቀመጠችው። አንዷን ሌባ ይዛ ውሃው ውስጥ ጣለቻት። ደረቁ ሸክላ ሲስስ እያለ አረፋ አወጣ፣ ጠርዙ ተፈረካከሰ፣ ወለሉ ተናደ፤ ወዲያውም ጭቃ ሆኖ ተቀመጠ። ሁለተኛዋን ጣለች። ሦስተኛዋን።

ቴሌስ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

«የመቶው ትእዛዝ ቀረ» አለ።

«ቀረ።»

«ክረምቱን ምን እንበላለን?»

«እንስራ እንሠራለን። ማንቆርቆሪያ፣ የመታጠቢያ ሳህን። ሰው እስኪሞት ድረስ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ይሸናል፤ ለሁሉም ዕቃ ይፈልጋል።» አራተኛዋን ጣለች። «መሞቱም አይቀርም። ሲሞት ይመጣሉ።»

«አባርራት ብሎኛል።»

«ሰምቻለሁ። ጆሮዬ እንደ ሂፒላ አልደነቆረም። ታዲያ?»

ቴሌስ ገባና መንኮራኩሩ አጠገብ ያለችው ዝቅተኛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጣውላው ላይ የቀሩትን ሌቦች አያቸው። አንዷን አንሥቶ በተጣመሙት ጣቶቹ መሐል አዞራት፤ ቀጭን ናት፣ እኩል ናት፣ ጥሩ እጅ የሠራት ናት። እጁ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ማንያ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ሲስታው በየመሐሉ ይሰማል። ሃያኛዋ ላይ ስትደርስ የገንዳው ውሃ ወፍሮ ቀላ፤ ሃያ አንደኛዋ ከነጠርዟ ከላይ ቀረች፣ አልሰምጥ አለች።

ቴሌስ ጎንበስ ብሎ ገንዳውን አየ።

«ውሃ አንሶታል» አለ።

በእጁ የያዛትን ሌባ ገንዳው ውስጥ ከሌሎቹ ላይ ጣላትና እንስራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ወጣ።